ሥራ አስኪያጁ የፈረመበት ኖት

ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ «ባንኩ» ይለዋል። የከሰሩ ባንኮችን ወረቀት ሲለቅም የእሱም ኪስ አብሯቸው ስለከሰረ ነው። ድሮ በውጭ አገር የግል ባንኮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የወረቀት ገንዘብ ያወጡ ነበር፤ እሱ የሚሰበስበው እነዚያን ነው። በሰዓት ማጉያው መጀመሪያ የሚያየው ፊርማውን ነው። ሥራ አስኪያጁ በእጁ ካልፈረመበት ኖቱ ከባንኩ አልወጣም ማለት ነው፤ የማተሚያ ቤት ትርፍራፊ ሆኖ ይቀራል።

ሚስቱ ዕድሜዋን ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራ፣ አሁን ዓይኖቿ ከድተዋታል። ሐኪሙ «ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ዓይኗ ጨርሶ ይጠፋል» ብሏል። ባንኩም ምርጡን ኖት ሊሸጥ ቆረጠ። አሮጌ ገንዘብ የሚገዛ አንድ ነጋዴ የኖቱን ፎቶ አይቶ በዋጋው ተስማማ።

«ነገ እወስድለታለሁ» አላት ባንኩ ለሚስቱ።

«ይሸጥ፣ ይገባዋል! እሱን ያየኸውን ያህል እኔን ብታየኝ ዓይኔም ባልፈዘዘ» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ነጋዴው ባንኩ ያመጣለትን ኤንቨሎፕ ከፍቶ ኖቱን ወደ መስኮቱ አነሳ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልተፈረመም።»

«ምን ነካህ? ፎቶውን አይተህ የለም እንዴ!»

ባንኩ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ደገነ። ወረቀቱ ነጥቷል፤ አሚዶ እንደነካው ኮሌታ ደርቋል። ፊርማው በነበረበት ቦታ የገረጣ ቢጫ ጥላ ብቻ ቀርቷል።

«ማን አጠበብዎት?» አለ ነጋዴው። ኖቱን ወደ ኤንቨሎፑ መለሰው። «ይቅርታ ጋሼ፤ በዚህ ላይ ገንዘብ አላወጣም።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በኮቴው ለየችው።

«ንጣቱን አየልህ? ያንን እድፍ ይዘህ ሰው ፊት ልትቀርብ! አንተ ሱቅ እያለህ ከኤንቨሎፑ አውጥቼ ለብ ባለ ውሃ አሸት አድርጌ ተኮስኩልህ። ታች ጥጉ ላይ አንዲት የቀለም እድፍ ነበረች፤ ዓይኔን አጨንቁሬ ነው ያገኘኋት። አልለቅም ስትል በሎሚ ነቀልኳት።»

ባንኩ ኤንቨሎፑን ኪሱ ከተተ።

«አየልኝ» አለ። «ወዶታል።»

«ሰጠህ ታዲያ?»

«ገንዘቡን አሰባስቤ እጠራዎታለሁ ብሏል።»

የኖቶቹን አልበም አውርዶ የቀሩትን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ተቀዳደው በፕላስተር የተጣበቁ ናቸው፤ ሁሉም ተሸጠው እንኳ የሐኪሙን ደጅ እንደማያስረግጡ ያውቃል።

«ምን ታንኮሻኩሻለህ?»

«የሚሸጥ እየመረጥኩ ነው።»

«አንዱ ይበቃል አላልክም?»

«እሱ ለአንዱ ዓይንሽ ነው» አለ። «ይሄ ለሌላው።»