ጸበል የጠጣው መሪ

ከጁሩ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እህቴ በለጡ ፌስታሌን እስከ አውቶቡሱ ተሸክማ «ጉልበትሽ ሲሻልሽ ትመለሻለሽ» አለችኝ፤ እኔም «አዎ» አልኳት፤ ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጉልበቴስ ተሽሎታል።

ልጄ አስናቀችና ባሏ ግርማ የሚኖሩት አዲስ አበባ ካራ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናንተ እዚያ ጁሩ ያላችሁ፣ ፎቅ ማለት ከራሳችሁ በላይ ሰው ሲራመድ እየሰማችሁ ስሙን የማታውቁበት ቤት ነው። ብርዱ የእኛው ብርድ ነው፣ ከእንጦጦ ይወርዳል፤ ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይላል እንጂ የእበት ሽታ የለበትም። ጎረቤቶቹን ሰላም ስላቸው ሌላ ሰው የጠራሁ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ያያሉ። ቀድሞ «እንዴት አደሩ እማማ» የሚለኝ የግቢው ዘበኛ ተክሌ ብቻ ነው፤ በትርፍ ሰዓቱ መኪና ያጥባል።

ወረዳ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ ልጅቷ «መሸኛ አለዎት?» አለችኝ።

«ሀገሬው በሙሉ ሸኝቶኛል፤ አልቅሶም ነበር።»

«እሱማ ማኅተም የለውም እናቴ» አለች።

እኔና በለጡ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ያልቆምንበት የጥር ማርያም ንግሥ የለም። ዘንድሮም ግርማ በመኪናው ጁሩ ሊያደርሰኝ ቃል ገባልኝ። መኪናው አሮጌ ነው፤ መሪው ሲዞር ያቃስታል። ግርማ በየጠዋቱ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ይጨምርለታል። እኔ ደግሞ የሚያቃስት ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለጉልበቴ ከእንጦጦ ያመጣሁት ጸበል ነበረኝ። ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ግርማ ጨርቅ ሊያመጣ ቤት ሲገባ፣ ዘይት በሚጠጣባት ቀዳዳ አንድ ሲኒ ጨመርኩለት።

በማግስቱ ገና ለገጣፎ ሳንደርስ መሪው ጮኸና ደረቀ። ግርማ በሁለት እጁ እየታገለ፣ እምቢ ያለ በሬ እንደሚጎትት ሰው ላብ በላብ ሆኖ፣ ካራ ጋራዥ መለሰን። በአውቶቡስ ልሂድ ብል የጠዋቱ ወጥቶ አልቋል፤ የነገው ደግሞ ለንግሡ አያደርሰኝም።

መካኒኩ ኃይሉ መሪውን ግራ ቀኝ አዙሮ አዳመጠ። ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን፣ ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ በጣቱ ጫን አደረገው። «ይሄ ደህና ነው» አለ። የዘይቱን ክዳን ሲከፍት ዘይቱ አረፋ ደፍቆ ወተት መስሏል።

«ውሃ ገብቶበታል። የመሪው ፓምፕ ድሮም አልቆለት ነበር፤ ይሄ ጨረሰው። ማነው የሚያጥብልህ?»

«ተክሌ!» አለ ግርማ። «ዛሬውኑ ከግቢው ባላስባርረው!»

ጁሩ እስክንደርስ ዝም ልል አስቤ ነበር።

«ተክሌ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «ጸበል ነው።»

ግርማ አፉን ያዘ። ኃይሉ ግን «የየት?» አለኝ።

«የእንጦጦ።»

ቆቡን አወለቀ። ዘይቱን ሊቀዳበት ያቀረበውን ቆሻሻ ቆርቆሮ በእግሩ ገፍቶ ንጹሕ ጀሪካን ፈለገ። «ሰው የሚረግጠው መሬት ላይ አላፈስሰውም» አለ።

«ዛፍ ሥር ብናፈስሰውስ?» አለ ግርማ።

«ዘይቱ ዛፉን ያደርቀዋል።»

ሦስታችንም አሰብን። ጀሪካኑ እስከ ዛሬ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ነው።

ሌላ ፓምፕ መገናኛ ሰፈር ታጥቶ፣ ሾላ ገበያ ታጥቶ፣ በማግስቱ ከሰዓት ተገኘ። የንግሡ ዕለት መሆኑ ነው። ኃይሉ አሮጌውን ፈቶ ሌላውን አሰረ፣ ቱቦዎቹን አጠበ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ ግርማን «አረፋው እስኪጠፋ ግራ ቀኝ አዙር» አለው። መሪው ድምፁ ጠፋ፤ እኔም ባዞረው ይዞር ነበር።

ስልኬ ጠራ። በለጡ ናት፤ እንደማልመጣ አልነገርኳትም ነበር። ከኋላዋ ከበሮው ይመታል።

«ጥዱ ሥር ቦታሽን ይዤልሻለሁ እኮ! የት ደረሳችሁ?»

«ካራ ነን። የመኪናው መሪ ታመመብን።»

«አይ አንቺ! ጸበል አታስነኩትም ነበር?»

«አስነክተነዋል።»

«እና?»

ከበሮው በረታ። አልሰማሁሽም አልኳት። ስልኩን ግን አልዘጋሁም፤ እሷም አልዘጋችም። ግርማ የቆመ መኪና መሪ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያዞራል።