ተራዬን ይዘውልኝ የኖሩት ዘማች

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። «የደጋ ልጅ ነኝ» እያልኩ አዲስ አበባ ስጎርር የኖርኩት ሰውዬ መናኸሪያው በር ላይ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ቆሜያለሁ። የይጁቤው ሚኒባስ ሞልቷል፤ ሾፌሩ ግን አልተነሳም። መሪውን ተደግፎ ስልክ ይደውላል። «እንዴት ነው መንገዱ? ሰላም ነው? እርግጠኛ ነህ?» ተሳፋሪው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ የሾፌሩን ፊት ያያል። ስልኩን ዘጋና «በሉ፣ በእመቤቴ ስም» ሲል ሁላችንም አማተብን።

የምሄደው አያ ቢተው የሚባሉ የኦጋዴን ዘማች ዘንድ ነው። ዘጠና ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸውም። ለጋዜጣው አለቃዬ «ዕድሜ ጠግበው ስለሚኖሩ የቀድሞ ዘማቾች እጽፋለሁ» ብዬ ነው የወጣሁት። አልዋሸሁም፤ ግን ሙሉውን አልነገርኩትም። ለአንባቢ ልንገር፦ የምሄደው የገባሁትን ቃል ልፈጽም ነው፤ አሥር ዓመት ዘግይቼ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ጦርነት ከሰበካችን ሚሊሺያ ተብለው ከዘመቱት ገበሬዎች አሥራ አንዱ በሕይወት ተመለሱ። አባቴ አላምረው አንዱ ነበር። ምሽግ ውስጥ ሆነው ለጊዮርጊስ ተስለው ኖሮ፣ እንደተመለሱ የጽዋ ማኅበር አቆሙ። በየወሩ በሃያ ሦስት አንዱ ቤት ይደገሳል፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ቄሱ ይባርካሉ። ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በእልልታ ወደ ቀጣዩ ባለተራ ቤት ይሄዳል። አባት ሲሞት ልጅ በእግሩ ይተካል።

አያ ቢተው የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ መሪው ማለት ነው። በአባቴ ተዝካር ዕለት ተነሥተው «በአላምረው እግር ማን ይገባል?» ሲሉ እጄን ያወጣሁ እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሴቶቹ እልል አሉልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልሄድኩም።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ መንገድ ላይ

ግራና ቀኙ የደረሰ ጤፍ ነው። ከባሕር ዛፉ ጥግ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች አህያ እየነዱ ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ጤፍ፣ ድንች፣ የታሰሩ ዶሮዎች። ለአጭሯ መንገድ መቶ ሃምሳ ብር ከፍለናል። አንዷ እናት «ለዚህች ለዚህች በእግሬም እደርሳለሁ» ብለው ከተነሣን ጀምሮ ማጉረምረማቸውን አላቆሙም።

«የማን ቤት ነህ?» አለኝ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

«አያ ቢተው ዘንድ ነኝ።»

«አያ ቢተው! እሳቸውማ መች ይሞታሉ? ሞትም እኮ ረሳቸው!» መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እኔስ አሥር ዓመት ሙሉ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይህንኑ አይደል? አያ ቢተው ጠንካራ ናቸው፣ ይቆያሉ፣ ለፋሲካ እሄዳለሁ፣ ለመስቀል እሄዳለሁ።

ተራዬ በደረሰ ቁጥር ይደውሉልኝ ነበር። «ልጄ፣ የፊታችን ሃያ ሦስት ያንተ ነው።» እኔ ሥራ በዝቶብኛል። «አያ፣ እርስዎ ያዙልኝ» እላለሁ። «ይሁን፣ እይዝልሃለሁ» ይሉኛል። ተቆጥተውኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሎቹ ማኅበርተኞች አንድ በአንድ አለቁ፤ ልጆቻቸውም እንደኔው በየከተማው ተበተኑ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሲደውሉ «እንግዲህ ሁለት ቀረን፤ እኔና አንተ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በምን አንጀቴ እንደሳቅሁ አላውቅም።

4 ሰዓት ተኩል፣ ይጁቤ

ገበያው ደርቷል። ሽሮ በላሁ፤ ቃሪያው አስለቀሰኝ። ለእሳቸው አንድ ወፍራም ጋቢ ገዛሁና ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ባጃጁ ወንዙ ዳር አወረደኝ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። አቀበቱን እየቃተትኩ ስወጣ የማስበው ስለ ድግሱ ነበር። ዛሬ ሃያ ሦስት ነው፤ ቀኑን አስቤ ነው የመጣሁት። ቄሱ ፊት ጽዋውን ከእጃቸው እቀበላለሁ፤ በየወሩ ባይሆን በየሁለት ወሩ እመላለሳለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ በራሴም ኮርቼ ነበር።

ከቀኑ 6 ሰዓት፣ አያ ቢተው ደጅ

ጭር ብሏል። ቄስ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ የጠላ ሽታ የለ። ልጃቸው ይርገዱ አውድማ እየለቀለቀች ነበር። አየችኝና እጇን ሳትታጠብ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ዛሬ ማኅበር አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«የምን ማኅበር?» አለችና በአገጯ ወደ ቤቱ ጥግ አመለከተችኝ።

አያ ቢተው ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቁመታቸው አሁንም ቁመት ነው፤ ግራ ጆሯቸው መድፍ ካደነቆረው ወዲህ አይሰማም። በቀኝ በኩል ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «የአላምረው ልጅ! እሰይ፣ እሰይ፤ መጣህ?» አሉና ፊቴን በመዳፋቸው ዳበሱት። ጋቢውን ደረብኩላቸው፤ መረቁኝ።

ጽዋውን ለመጠየቅ ድፍረት ስላጣሁ ከሥራዬ ጀመርኩ። «አያ፣ እዚህ ዕድሜ ላይ የደረሱት ምን እየበሉ ነው?»

«ያገኘሁትን ነዋ!» ሳቁ። ከዚያ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ዕድሜ በእህል አይደለም ልጄ። ጽዋ ቤቱ አስቀምጦ ማን ይሞታል? ለማን ጥሎት? ክረምት ላይ ታምሜ ነበር። የነፍስ አባቴ ሊያናዝዙኝ መጡ። ‹ይቆዩ አባ፣ ተረካቢው አልመጣም› አልኳቸው። ተነሣሁ። በየወሩ ዳቦ አስጋግሬ፣ ብቻዬን ከቄሱ ጋር ተቀምጬ፣ የአሥራ አንዳችንንም ስም እጠራ ነበር። ያንተን ተራ ያንተ ብዬ፣ የኔን የኔ ብዬ።»

«ዛሬስ?»

«ባለፈው ወር ለቤተ ክርስቲያኑ አስረከብኩት። ገበዙ ዕቃ ቤት አስገቡት።»

«እኔ እኮ ልቀበል ነው የመጣሁት!»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለች ይርገዱ ከአውድማው። ድምጿ ግን የቀልድ አልነበረም። «አባቴ ያንን ጽዋ በጭንቅላቱ ተሸክሞ፣ በየመንገዱ እያረፈ፣ እያለቀሰ ነው የወሰደው። የሚያግዘው ልጅ እንኳ አልፈለገም፤ ‹ይህ የማኅበርተኛ ሸክም ነው› አለ።»

«ተዪው እንጂ አንቺ!» አሏት።

አፈርኩ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። እጃቸውን ይዤ ለመንኩ፦ «አያ፣ ዛሬውኑ ገበዙን ለምኜ ላስመልሰው። ለሚቀጥለው ወር ድግሱ የኔ ነው። በየወሩ እመጣለሁ፤ በጊዮርጊስ!»

«አትማል፣ አትማል» አሉ በችኮላ። እጃቸውን ከእጄ አላወጡትም። «አልተቀየምኩህም። አባትህም አይቀየምህ። እኔ ግን ጽዋው ከቤቴ በወጣ ጊዜ፣ ስንት ዘመን ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ጓዶቼን በሕልሜ አየኋቸው፤ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። አሁን ደግሞ መልሰህ አታምጣብኝ ልጄ። ልሂድበት።»

«እሺ አያ» አልኩ። የሚቀበሉኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም።