ለሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ

አውራ ጎዳናው ታድሶ እንዲህ ካማረ ወዲህ የማያመሰግነው ተሳፋሪ የለም። «ቀዩ»ም ያመሰግነዋል፤ ዕድሜውን የፈጀበት መንገድ ነው። አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ግን ሁልጊዜ በሜዳው በኩል ባለው መስኮት ነው የሚቀመጠው፤ በቤቶቹ በኩል ቦታ ቢለቁለትም እሺ አይልም።

ቀዩ መባሉ ለቀልድ ነው እንጂ ከሰል አጠገቡ ቢቆም ከሰሉ ይፈካል። ስም ያወጣለት እጁ ነው። በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የቀያሾች ረዳት ስለነበረ፣ መንገድ ሲሰፋ በሚፈርሱ ቤቶች ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት የሚያደርገው እሱ ነበር። ቀለሙ ጡረታ እስኪወጣ ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ዳዴ ይል ነበር። በስፌት መኪናዋ የሰው ልብስ እየሰፋች አስተማረችው፣ ለሥራ አበቃችው። ቤቷ ከጎዳናው ዳር ነው፤ ያ ጎዳና ያኔ መንገድ የሚባለው በይሉኝታ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ የውጭ አገር መንግሥት ብድር ሰጥቶ መንገዱ ሊታደስ ነው ተባለ። ቀያሾቹ ለክተው ሲያበቁ የእህቱ ቤት መስመሩ ውስጥ ገባ። ቀዩ ብሩሹን ነክሮ ምልክቱን ከመስኮቷ አጠገብ አደረገ። እንጀራው ነውና ማንም አልፈረደበትም።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እህቱ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ለመቀየር ቆርቆሮ ገዝታ ደጇ ላይ አስደግፋ ነበር።

«እትዬ፣ ለሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ ምን ይሠራለታል?» አላት። «ሽጪው ባክሽ። ክረምቱ ሳይገባ ካሳሽን ትቀበያለሽ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ እዚያው አይደል እንዴ የምሠራው! ብድሩ ተፈርሟል እኮ።»

ሌላ ሰው ቢነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ ባለች። ወንድሟ ነውና አመነችው፤ ሸጠችው።

ብድሩ በእርግጥ ተፈርሟል፣ ገንዘቡ ግን አልመጣም። አበዳሪዎቹ ጥናቱ እንደገና ይታይ አሉ። የእኛዎቹ ታይቷል አሉ። እንግዶች መጡ፣ ተሰበሰቡ፣ ተመልሰው ሄዱ፤ ክረምት በክረምት ላይ ተደረበ። እህቱ መጀመሪያ ከጣሪያው ሥር ባልዲ አስቀመጠች፤ ቀጥሎ የስፌት መኪናዋን ወደ ጓዳ ገፋች፤ ኋላ ጓዳውም ማፍሰስ ጀመረ። መኪናው ዛገ። ጨርቁ የሚረጥብበት ቤት ማን ልብሱን ይሰጣል? ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ።

ቀዩ በሄደ ቁጥር «ዘንድሮስ አይቀርም» ይላታል። እሷም «ላም አለኝ በሰማይ» ትልና ስቃ ሻይ ታፈላለታለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበው ያ ሳቋ ነው። ደመወዝተኛ ነበር፣ ቆርቆሮ መግዛት አያቅተውም። ግን አንድ ቀን እንኳ «ተሳስቻለሁ፣ እንጠግነው» ለማለት ምላሱ አልታዘዘለትም። ብሩሹ የመንግሥት ነበር፣ ምላሱ ግን የራሱ ነበረ።

በመጨረሻ ገንዘቡ ተለቀቀ። አበዳሪዎቹ የሚፈርሰው ቤት ይቀነስ ስላሉ መንገዱ ወደ ማዶ፣ ወደ ባዶው ሜዳ እንዲሰፋ ተወሰነ። ቀዩ ይህን ሲሰማ ከደስታው ብዛት ሥራውን ጥሎ ወደ እህቱ ሮጠ። የቤቷ አንድ ጎን ከተናደ ሰንብቷል። በቀረው ጥግ፣ ጣሪያ ብላ በወጠረችው ላስቲክ ሥር ተቀምጣ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! አይፈርስም፤ ቤትሽ ተረፈ!»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ላስቲኩን ቀና ብላ አየች፤ የተናደውን ግድግዳ አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የምር ግራ የገባው ሰው ነው የምትመስለው።

«የቱ ቤት?» አለችው።