ጁምዋ፣ የኪሊፊዋ ልብስ ተኳሽ

ጁምዋ ልብስ የምትተኩስበትን ዳስ ከእኔ የስፌት ሱቅ የሚለየው አንድ የዛገ ቆርቆሮ ነው። እዚህ ኬንያ፣ ባሕር ዳር ባለችው ኪሊፊ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። የከሰል ካውያዋን እፍ ስትል አመዱ እየበነነ እኔ ጨርቅ ላይ ያርፋል፤ በዚህ የተነሳ በሳምንት አንዴ ሳንጣላ አንቀርም። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ከሞተ ቆይቷል። ልጆቿ ሞምባሳ ናቸው። ፊደል አልቆጠረችም፣ ነገር ግን የኪሊፊን ሰው በኮሌታው ታውቀዋለች። የአንሶላ መጨማደድ አይታ «ይኼ ሰውዬ ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም» ካለች፣ ሰውዬው እንቅልፍ የለውም።

ሄንሪክ የመጣው ትልቁ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ዴንማርካዊ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ለአራት ዓመት ሥራ ተቀጥሮ ሚስቱን ወደ ኋላ ትቶ ቀድሞ መጣ። መሥሪያ ቤቱ በሙቀት አገር እንዴት እንደሚኖር የሚያስረዳ ወፍራም መጽሐፍ ሰጥቶታል። እሱን በብብቱ ሸጉጦ ነው የሚዞረው። ስዋሂሊ ሦስት ወር ተምሮ ስለመጣ ቀስ ብለው ካናገሩት ይሰማል።

መጀመሪያ ቀን ስድስት ሸሚዝና ሁለት ሱሪ ይዞ መጣ። ጁምዋ ቆጠረችና ቀና ብላ አየችው።

«የውስጥ ልብስህስ?»

«እሱን ራሴ አጥበዋለሁ ማማ።»

«ማጠቡንማ እጠበው። መተኮሱን ነው የምጠይቅህ።»

ሰውዬው ጆሮው ቀላ። «የውስጥ ልብስ ተተኩሶ ማን ሊያየው ነው?»

«ዝንቧ ታየዋለቻ!»

ስዋሂሊው የከዳው መሰለው። ዝንብ የሚለውን ቃል ሁለቴ አስደገማት። ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ አገላበጠ፣ ስለ ዝንብና ስለ ፓንት የሚል ነገር አጣ። ሳቅ ብሎ አመስግኗት ሄደ።

«ይመለሳል» አለችኝ በቆርቆሮው ቀዳዳ።

ዝናቡ ገባ። ልብስ በፀሐይ ማድረቅ ቀረና ሁሉም በረንዳ ላይ ማስጣት ጀመረ። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ሄንሪክ እግሩን ፈርከክ አድርጎ እየተራመደ መጣ። መጽሐፉን አልያዘም።

«ማማ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወገቤ ላይ እባጭ ወጥቷል። አሥር ይሆናል። ደግሞ... ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ።»

ጁምዋ ካውያዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። «ቻሮ! ጠረጴዛህን አጽዳና መጋረጃውን ሳበው!» አለችኝ።

ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ በሆዱ አስተኛነው። እባጮቹ ከወገቡ እስከ መቀመጫው በፓንቱ ስፌት መሥመር ተደርድረዋል። እያንዳንዱ አናቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ አለችው። ጁምዋ ቀዳዳዎቹን በቫዝሊን ደፈነቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«አሁንስ?» አለ ሄንሪክ ፊቱን ጨርቅ ውስጥ እንደቀበረ።

«አሁን ትጠብቃለህ። ትሉ አየር ሲያጥረው ራሱ ብቅ ይላል።»

«ትል?»

«ታዲያ ውስጥህ የሚንቀሳቀሰው ምን መሰለህ? ልጅ?»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወጣሁ። ስመለስ ጁምዋ ጣቶቿን በአልኮል እያሸች ነው። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቷ ቀስ እያለች ጨምቃ አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ እየቆጠረች፣ ጮክ ብላ። አራተኛው ላይ «እስቲ ልየው» አለ። ካየ በኋላ ሌላ አልጠየቀም። አሥራ አንድ ሆኑ።

«ስማኝ» አለችው ቁስሉን እየጠረገች። «እርጥብ ልብስ ጥላ ላይ ሲሰጣ ዝንቧ እንቁላሏን ትጥልበታለች። አንተ ስትለብሰው ገላህ ይፈለፍለዋል። ካውያ ግን ይገድለዋል። በፊቱም በጀርባውም፣ ስፌቱ ላይ ጠበቅ ተደርጎ። አንሶላም፣ ፎጣም፣ ካልሲም።»

«እንዲህ ያለውን ነገር ሰው እንዴት አይነግረኝም?»

 ጁምዋ ጨርቁን እንደያዘች አፈጠጠችበት።

«እርስዎ ነግረውኛል» አለ። «ይቅርታ ማማ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳሷ ውስጥ የተደፋ ባልዲ ላይ እየተቀመጠ መጠየቅ ጀመረ። ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፈበት ምርጥ የቆዳ ጫማው ሻግቶ ድመት መስሎ ነበር። «ጫማ እንደ ሰው ነው፣ አየር ይፈልጋል፤ አልጋ ሥር አድርገውና ፀሐይ በወጣ ቁጥር አውጣው» አለችው። መኪናውን የኮኮናት ዛፍ ሥር አቁሞ ፍሬው ወድቆበት መስታወቱ የረገፈ ለት ግን ወደ ላይ ወደ ዛፉ ቀና ብላ መሬት መሬቱን አየች። ሰውነቱ ከሞቀው የዚያኑ ቀን ደሙን ለወባ እንዲያስመረምር፣ ነገ እንዳይል፣ አስምላዋለች። ያን ሲምል አልሳቀችም።

አንድ ቅዳሜ ሠራተኞቹ እንደማይወዱት ነገራት።

«ጠዋት ስትገባ ምን ትላቸዋለህ?»

«ቧንቧው የት ደረሰ እላለኋ።»

«ሰውዬው ይደር ይሙት ሳትጠይቅ?»

«ማማ፣ ሥራ እኮ ነው። ሰዓት ይሄዳል።»

«ቧንቧው የትም አይሄድብህም! መጀመሪያ እንዴት አደርክ በለው። ቤቱን ጠይቀው፣ ሚስቱን፣ ፍየሉን። እሱም ይጠይቅህ። ከዚያ ስለ ቧንቧህ ራሱ ይነግርሃል።»

ሰኞ ዕለት ሞከረው። ሰላምታው ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀ አሉ። ሐሙስ ላይ ግን ከሠራተኞቹ አንዱ፣ አንድ ወር ሙሉ የተፈለገውን የሚያፈስ ቧንቧ የት እንዳለ በጣቱ አሳየው። ለካ ሲያውቀው ኖሯል፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሚስቱ ቢርጊታ በመስከረም መጣች። ሄንሪክ ቤቱን እንደተማረው አድርጎ ጠበቃት፤ አጎበሩ ቀዳዳው ተሰፍቷል፣ ውሃው ፈልቷል፣ አንሶላው በፊትም በጀርባም ተተኩሷል። ቢርጊታ አገሯ ላይ አስተማሪ ነበረች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰላም ሲሏት የሆነ ነገር ሊሸጡላት የመጡ እየመሰላት የምትደነግጥ ሴት ናት። የተባለችውን ሁሉ አደረገች። አንድም ትል አልነካት፣ ወባም አልያዛት። በሁለተኛው ወር ግን ከቤት መውጣት ተወች።

ሄንሪክ መጥቶ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። «ማማ፣ ያሉኝን በሙሉ አድርገናል። ምን ቀረ? ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ናት። ልሂድ ትላለች።»

ጁምዋ የምትተኩሰውን የትራስ ልብስ አቃጠለች። በሃያ ሁለት ዓመት ስታቃጥል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ በቆርቆሮው ቀዳዳ አናገረችኝ። «ለዝንብ መላ አለኝ። ለዚህ ግን አላውቅም።»

«ብቻዋን ሆና ነው» አልኳት።

«ብቻዋን መሆኗንማ ማን አጣው! እኔስ ብቻዬን አይደለሁም? ግን አንተ አለህ፣ አመድሽ ጨርቄን አበላሸ እያልክ ትጮህብኛለህ። እሷ ላይ ማን ይጮህባታል? ሁሉም ፈገግ ይልላታል።»

በማግስቱ እጇን በጨርቅ ጠምጥማ «አሞኛል፤ የሚያግዘኝ ሰው አጣሁ፤ ሚስትህን ላክልኝ» ብላ ላከችበት። እጇ ምንም አልነበረውም። ቢርጊታ ግራ ገብቷት መጣች። ጁምዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በአገጭዋ እያሳየች አሠራቻት። የከሰል ካውያ ከባድ ነው፤ እፍ ካላሉት ይበርዳል፣ እፍ ሲሉት ፍንጣሪ ይረጫል። ሴትዮዋ ላብ በላብ ሆነች። ዓሣ ሊሸጡ የሚያልፉት ሴቶች ቅርጫታቸውን አውርደው ያዩ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ቢርጊታ ሸሚዝ አቃጠለች። የማንን ቢሉ የካሂንዲን። ካሂንዲ የጀልባ አናጢ ነው፣ ምላሱ ከመጋዙ የባሰ።

«ይኼ የሠርግ ሸሚዜ ነው!» ብሎ ጮኸ ደረቱ ላይ ያለውን ቡናማ የካውያ ቅርጽ እያሳየ። «ዓይን የለሽም? ዓሣ ነው የምትጠብሺው?»

ቢርጊታ ይቅርታ ጠየቀች። ቀጠለ። ደግማ ጠየቀች። አሁንም ቀጠለ፤ ስለ አያቶቿ ሳይቀር ተናገረ። ያን ጊዜ ረጅሟ ሴት ካውያውን ቁጭ አደረገችና በራሷ ቋንቋ ትለቅበት ገባች። ምን እንዳለች እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። ብዙ ነገር ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የተጠራቀመ ይመስለኛል። ፊቷ ቀልቶ፣ ጣቷን አፍንጫው ላይ ደቅና፣ ስትጨርስ እንባዋ ይወርዳል።

 ከዓሣ ሻጮቹ አንዷ እልል አለች። ካሂንዲ ሸሚዙን ዝቅ አድርጎ «እንዴ፣ ይቺስ የኛ ሰው ናት» አለና ሳቀ፤ ሁሉም ሳቀ። ጁምዋ ተነስታ በዚያ ታመመ ባለችው እጇ ሴትዮዋን አቀፈቻት። ቢርጊታ የጁምዋ እጅ ደህና መሆኑ ገባት። ጨርቁን ከእጇ ላይ ፈታ ሰጠቻት።

ሸሚዙን እኔ ቃጠሎው ላይ ኪስ ሰፋሁበት። ካሂንዲ ኪሱን ወዶት ሌላ ሸሚዙንም እንዲሁ አሠራ።

ቢርጊታ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣ ነበር። ሴቶቹ «ሸሚዝ ጠባሿ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ስዋሂሊውን ከእነሱ ተማረችው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያወቀችው ስድቡን ነው። ሄንሪክ አንዳንዴ እየሰማ ይደነግጣል።

በሦስተኛው ዓመት የሄንሪክ መሥሪያ ቤት አዲስ ለመጡ ሃያ ያህል ፈረንጆች ጁምዋ ምክር እንድትሰጥ ለመነ። ቦታው ባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል ነው። ካንጋ ከሚባለው ባለ ቀለም ጨርቅ ምርጡን አገልድማ ሄደች፣ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ማይክሮፎን ሲሰጧት ድምፅ አጣች።  ላቧ ሲወርድ አየሁ።

«ካውያ የለም?» አለች መጨረሻ ላይ።

የሆቴሉ ሰዎች ሮጠው የኤሌክትሪክ ካውያ አመጡ። የገበታ ልብስ ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ ገፈፈችና መተኮስ ጀመረች። እጇ ሲንቀሳቀስ ምላሷ ተፈታ። ስለ ዝንቧ፣ ስለ ሻጋታው፣ ስለ ኮኮናቱ፣ ስለ ትኩሳቱ ተናገረች፤ ቢርጊታ ታስተረጉማለች። «ጎረቤት ሲጮህባችሁ ደስ ይበላችሁ» አለች፣ «ፈገግ ብቻ ካለላችሁ ገና እንግዳ ናችሁ።»

አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ ሙቀቱ በስንት ጊዜ እንደሚለመድ ጠየቀች።

«እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ ስድሳ ዓመቴ ነው» አለች ጁምዋ። «ስለምደው እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ምሳ ጋበዙን። ምግቡ ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር። ስንመለስ ድልድዩ ጋ ከማታቱ ታክሲ ወርደን ትኩስ ካሳቫ በሎሚና በሚጥሚጣ በላን፤ እሷ ሁለት ሰሐን ጨረሰች።

ሥራው ሲያልቅ ሄንሪክና ቢርጊታ ሄዱ። ቢርጊታ ለመሰናበት ብቻ ሦስት ቀን ፈጀባት፤ የገባችበት ቤት ሁሉ አስቀምጦ ያበላታል። ጁምዋን መጨረሻ አደረገቻት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ያን ቀን የስፌት መኪናዬን ከመርገጥ ስላልቦዘንኩ ነው፣ ደግሞም ሆን ብዬ ነው። መኪናቸው ከሄደ በኋላ ጁምዋ ፍሙን በውሃ አጠፋችና ዳሱን ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር።