የሸምበቆዋ ልክ

ከየካ በላይ ያለው ጋራ ዛሬ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ያን ጊዜ ጫፉ ላይ ጽድ፣ ወገቡ ላይ ድንጋይና ሣር ብቻ ነበር። ከጫፉ በታች የድንጋይ ካብ አለ። ከካቡ ሰባ እርምጃ ዝቅ ብሎ አንድ ወይራ ለብቻው ቆሞ ነበር። ጉደታ የሞተው እዚያ ወይራ ሥር ነው። ይህን የምጽፈው እሱን ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ጽሕፈቴ አያምርም። ነገሩም አያምርም።

እንጦጦ ሰፍረን ሳለን ለአምሳችን አዲስ ጠመንጃ ታደለን። በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ባሩድ ታፈሳለህ፣ ድቡልቡሏን አረር ሞራ በነካ ጨርቅ ትጠቀልላለህ፣ በዘንግ እየጎሰጎስህ ታወርዳለህ። ይህን የምዘረዝረው የዛሬ ልጆች ከኋላ ከሚጎርሰው በቀር ስለማታውቁ ነው። አሮጌዎቹን ዝገታም ጠመንጃዎች አስረክበን አዲሶቹን ተቀበልን። ብረታቸው ፊት ያሳያል። እጅ ነስተን፣ ፎክረን ወሰድን። ከጌታ እጅ የተሰጠውን መሣሪያ አይሆነኝም የሚል ሰው በእኛ ዘንድ የለም። እኔም አላልሁም።

አያ ተሰማ የሚባል ጠመንጃ የሚያድስ ሽማግሌ ነበር። ከሰፈሩ ዳር፣ ከወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ይውላል። ጠመንጃዬን ወስጄ አሳየሁት። የዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ በአፈሙዙ ከተተ፤ በዘንጉ ላይ በከሰል ምልክት አደረገና ቀስ እያለ ገፋው። ዘንጉ ሲወርድ በእጁ ውስጥ ይዞር ጀመር። ታች እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ዞረ።

«አየህ፣ የሚያዞረው ውስጡ የተቆፈረው ጥምዝ ቦይ ነው» አለኝ። «አሮጌው ጠመንጃችሁ ግማሽ ዙር እንኳ አይሞላም ነበር። ይኼ ለረጅም ሹል ጥይት የተሠራ ነው። ድቡልቡል አረር ቀስ ብሎ መዞር ነው የሚወደው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ አያ?»

«ባሩዱን ቀንስ። ካበዛህበት አረሩ ቦዩን ጥሶ ይወጣል፤ ጨርቁም ይቀደዳል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ።»

ከአጥሩ ሸምበቆ ሰበረና በጣቱ ለክቶ ቆረጠልኝ። «ይቺን አንድ ብቻ። ሩቅ አትደርስም፤ የደረሰችበትን ግን አትስትም» አለኝ።

ከጉደታ ጋር ካቡ ድረስ ሄደን ሞከርናት። ጉደታ መንገድ መሪያችን ነው፤ ጦር እንጂ ጠመንጃ የለውም። የየካ ሰው ነው። ቤቱ ከጋራው ሥር ይታያል፤ ሚስቱ በኦሮምኛ ስትጣራው ካቡ ድረስ ይሰማል። ወይራው ላይ ቅል ሰቀለልኝ። በአንድ ሸምበቆ ባሩድ አምስት ጊዜ ተኩሼ አራቱን አገባሁ። ጨርቆቹን ከሣሩ ላይ ለቅመን አየን፤ ትንሽ ጠቆር ከማለታቸው በቀር ደኅና ነበሩ።

«እንግዲህ ቅል ከሸፈተብን አለቀለት» አለ ጉደታ።

ቀጥሎ የሆነው የእኔ ጥፋት ነው። የበዓል ሰልፍ ነበር። አምሳው በተራ ይተኩሳል። ከእኔ በፊት ያሉት አብዝተው አጉርሰው ተኮሱ፤ ሸለቆው አስተጋባ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጠመንጃዬ እንደ ሽማግሌ ሳል ያለ ድምፅ አወጣ።

አምሳ አለቃችን በዛብህ ደፋር ሰው ነበር፤ ስለ ጠመንጃ የሚያውቀው ግን ድምፁን ብቻ ነው። «ጠመንጃህን ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። «ነጭ ሽንኩርት አጉርሰው» አለ አንዱ ከኋላ።

«አለቃ፣ ባሩድ ሲበዛበት ይስታል» አልሁት።

«ጠላት የሚሸሸው ድምፅ ሲሰማ ነው። ከነገ ጀምሮ ሁሉም እጥፍ ያጉርስ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሟገት ይሆናል። እኔ አፈርሁ። እዚያው ሸምበቆዬን ወረወርሁና ረዘም ያለ ቆረጥሁ። ጣላት ብሎ ያዘዘኝ የለም። ጉደታ አይቶኝ፣ «ትንሿንስ ብታስቀምጣት ምን አለ?» አለኝ።

«በሽተኛ ጠመንጃ ይዤ አልዞርም» አልሁት።

ወር ሳይሞላ ትዕዛዝ መጣ። ከጌታችን የተጣላ አንድ ባላባት ሰዎቹን በየካ በኩል እያወጣ ነው፤ ካቡን ይዛችሁ መንገዱን ዝጉ ተባልን። ጤዛው ሳይረግፍ ደረስን። ጉደታ ወርዶ ብዛታቸውን አይቶ እንዲመለስ ታዘዘ። ከመውረዱ በፊት ወይራውን በጦሩ አሳየኝ።

«እዚያ ከደረስሁ በአንተ እጅ ነኝ። የሚከተለኝን ቅል አድርገው» አለኝ።

ረጅሟን ሸምበቆ ሞልቼ አጎረስሁ።

ሦስት ሰዓት ግድም እየሮጠ ብቅ አለ። «ብዙ ናቸው፤ በግራ እየዞሩ ነው» ብሎ ጮኸ። ወይራው ሥር ሲደርስ እግሩን ተመታና ወደቀ። ሦስት ሰዎች ጎራዴ መዘው ከድንጋዩ መሐል ወጡ። ወደ እሱ መጡ። አልቸኮሉም።

ተኮስን። ጋራው ተናወጠ። ጭሱ ሲገለጥ ሦስቱም ቆመዋል። አጎረስን። አረሩን ጎስጉሰን እስክናወርድ ሰው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። ተኮስን። አንዱ አረር ከወይራው ቅርንጫፍ ቆረጠ፤ ሌላው ሰዎቹን አልፎ አቧራ አስነሣ። የቀሩት የት እንደገቡ አላየንም። ከመሐላችን ሁለቱ ካቡን ዘለው ወጡ፤ በግራ የዞሩት ተኳሾቻቸው እዚያው ጣሏቸው። በዛብህ «ከእንግዲህ ማንም አይውጣ» አለ። ትክክል ነበር።

ጉደታ ወደ ካቡ ዞሮ ይፈልገኝ ነበር። አልጮኸም። እጁን አነሣና ጣቱን አሳየኝ። አንድ ጣት።

ትንሿ ሸምበቆ የለችኝም። የባሩዱን ቀንድ መዳፌ ላይ ደፍቼ በዓይኔ ገመትሁ። ስቸኩል ግማሹ ሣር ላይ ፈሰሰ። ቀና ስል ጎራዴው ሲወርድ አየሁ። ጠቀለልሁ፣ ጎሰጎስሁ፣ አነጣጠርሁ። ጠመንጃው ሳለ። ጎራዴ የያዘው ሰውዬ ቁጭ አለ፤ ከዚያም ተጋደመ። ሁለቱ ሸሹ። ጉደታ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ በግራ መጡብን፤ በድንጋይና በጎራዴ ተያያዝን። በዛብህ እዚያ ወደቀ። ስምንት ሰዓት ላይ ከእንጦጦ ረዳት ሲደርስ ሸሹ። ሙታን ቆጠርን። ከእኛ ስድስት። ከእነሱ አራት፤ በጥይት የሞተው አንድ ብቻ ነው።

የጉደታ ሚስት ከወንድሞቹ ጋር ወጣች። በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አልገባኝም። በአማርኛ ደገመችልኝ።

«ስንት ጠመንጃ ነበራችሁ?»

«አምሳ» አልኋት።

ተሸክመውት ወረዱ።

እኔ ከካቡ ፊት የወደቁትን ጨርቆች ለቀምሁ። ሁሉም ተቃጥለው፣ ተበጣጥሰው ነበር፤ አንዱ ብቻ ደኅና ነው። ለአያ ተሰማ ወሰድሁለት። ጉልበቱ ላይ ዘረጋጋቸው። ደኅናውን አንሥቶ፣ «ይኼስ መቼ የተተኮሰ ነው?» አለኝ።

«መጨረሻ ላይ።»

«ልክ ነው» አለና ወናፉን ያዘ።

ይህን ስጀምር በዛብህን ልረግም ነበር። እሱ ግን ባለማወቁ ሞቷል። እኔ አውቅ ነበር። የየካ ሰዎች ዛሬም ያን ቀን ሲያነሡ የሚያወሩት ስለ ጠመንጃችን ድምፅ ነው። ከጋራው ማዶ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። እውነት ነው፤ ተሰምቷል።