የጎሚስታዋ ሚዛን

የውብዳር አሥር ዓመት በሰው ቤት አገልግላ፣ አሁን ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ውስጥ የሞተር ሳይክል ጎማ ትቀይራለች። ሴት ጎሚስታ ብሎ የሚስቅባትን ወንድ እሷም ትንቀዋለች። ዓብዱልጀሊል የሚባል ደንበኛ አዲስ ጎማ አስገጥሞ፣ "ሚዛኑን ላስተካክልልህ" ብትለው፣ "ስኳር መሰለሽ እንዴ የምትመዝኚው?" ብሎ ስቆባት ሄደ።

በማግስቱ መሪው እጁን እያንቀጠቀጠው ተመለሰ። የውብዳር ጎማውን ፈትታ ዘንግ ላይ ሰቀለችና አሽከረከረችው። ሦስት ጊዜም ያው ከባዱ ጎን ወደ ታች ዞሮ ቆመ። በተቃራኒው በኩል ቁራጭ የእርሳስ ብረት ስትለጥፍበት ግን የትም ብታቆመው አልነቃነቅ አለ።

"በዚህች ቁራጭ ነው ሁሉም?" አለ ዓብዱልጀሊል አፍሮ።

"የጎማው ቅለት በዚህች ተስተካክሏል" አለችው። "ላንተ ቅለት የሚበቃ እርሳስ ግን የለኝም።"

ጎማውን መልሳ ስትገጥምለት ሞተሩን አስነስቶ ቀና ሳይል ሄደ። የውብዳርም ዞራ አላየችውም።