ቁልቢ የወጣው የፀሐይ መከላከያ

ካርቲየ 2፣ ታኅሣሥ 18፣ ጎህ ሲቀድ

ጅቡቲ ብርድ ገብቷል። ባገት ዳቦ የሚሸጠው ሰውዬ ሹራብ ደርቧል፤ ጎረቤቶቻችን ማራገቢያ ቬንቲላተራቸውን አጥፍተው መተኛት ጀምረዋል። እኛ ብርድ ስንል የምናውቀው ይህንን ነው። ዛሬ የምንሄደው ግን ሌላ ብርድ ወዳለበት አገር ነው።

እህቴ ሰናይት ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ልጅቷ ስትወለድ አላለቀሰችም። ሳንባዋ ደካማ ነበርና ሆስፒታል ከረመች። ሰናይት በመስታወት እያየቻት «ይህችን ልጅ ካተረፍክልኝ ቁልቢ አምጥቼ ክርስትና አስነሣታለሁ» ብላ ለገብርኤል ተሳለች። ልጅቷ ተረፈች፤ ለቅሶዋ ግን ዛሬም እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታት ያዘዘው አንድ ነገር ነበር፦ «ደረቷን ብርድ እንዳያገኘው።» ለጅቡቲ ቀላል ትእዛዝ ነው። አሁን ሰማንያ ቀኗ ደረሰ፤ ቁልቢ ደግሞ ተራራ ላይ ነው፤ በዓሉም የሚውለው ውርጭ በሚወርድበት ወር።

አባቷ ወደብ ነው የሚሠራው፤ ፈቃድ አላገኘም። ስለዚህ ከሰናይትና ከልጇ ጋር የምንሄደው እኔ አጎቷ፣ የክርስትና እናት የሚሆኑላት እትዬ ዘነበች፣ ሹፌራችን አብዲ ነን። እትዬ ዘነበች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ እዚሁ ተወልደው እዚሁ አርጅተዋል፤ ደጋን የሚያውቁት አባታቸው ሲያወሩ ሰምተው ነው። አብዲ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ጎረቤታችን ነው፤ አማርኛ ከእኔ ይፈጥናል።

አሁን የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ያስጎበኘኛል።

«አየህ ዋሪያ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ቴርሞስታት አስወጥቼዋለሁ፤ ውሃው ማንም ሳያቆመው እንዲዞር። የራዲያተሩን ፋን ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ አስቀጥዬዋለሁ። ሞተር ከተነሣ ፋን አያርፍም። ይህቺን መኪና ገሃነም ውስጥ ብትነዳት አትፈላም።»

እዚህ አገር መኪና የሚገድለው ሙቀት ነው። ጋራዡ ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ከእሱ ለመሸሽ ነው።

«ማሞቂያውስ?» አልኩት።

«ትናንት ሞክረነው የለ እንዴ!»

እውነቱን ነው፣ ሞክረነዋል። ትናንት በቀትር ምኒልክ አደባባይ ፀሐይ ሲጠብሳት የዋለችው መኪና ውስጥ ገብተን አብዲ ማሞቂያውን ከፈተው። እሳት ተፋብን። እትዬ ዘነበች «ሞን ዲዩ፣ አምላኬ! አጥፋው፣ ልንበስል ነው!» ብለው ጮኹ። ሰናይት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። በጅቡቲ ቀትር ትኩስ አየር የማይተፋ ቀዳዳ የት ይገኛል ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

አብዲ የፀሐይ መከላከያውን ከፊት መስታወቱ ላይ አነሣ። ያቺን የምታብለጨልጭ፣ የምትተጣጠፍ ብርማ ካርቶን ማለቴ ነው፤ ያለ እሷ መኪና ያቆመ ሰው መሪውን በፎጣ ይዞ ነው የሚነዳው። አጣጥፎ ከወንበሩ ሥር ከተታት። ተነሣን።

ደወሌ፣ ረፋድ

ከአሊ ሰቢህ ወዲህ ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ ቡናማ ድንጋይ፣ አንዲት ፍየል፣ እንደገና ድንጋይ። የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ሹፌሮቹ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ጋደም ብለዋል፤ አንዱ በትንሽ ምድጃ ፓስታ ይቀቅላል። ድንበሩ ላይ ወረቀታችን እስኪታይ አብዲ ከደጋ የወረደ የጫት መኪና አይቶ ሮጠ፤ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ይህ ጫት ነው ወይስ የሻይ ቅጠል?» ብሎ አንዱን እስር ከፈተልን።

ቅጠሉ ዳር ዳሩን ጠቁሮ ተሸብሽቧል። የጫት መኪናው ሹፌር ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተከትሎት መጣ።

«እኔን ምን ታደርገኛለህ? ውርጭ በላው። ላንጌ ላይ፣ ቁልቢ ላይ፣ እንደ ጨው ነው የሚወርደው። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው እንዲህ ይሆናል።»

ሰናይት አንድ ቅጠል ወሰደች። በጣቷ ስትዳብሰው ፈረሰ።

«እሳት የነካው እኮ ነው የሚመስለው» አለች።

«እንመለስ ካልሽ እንመለሳለን» አልኳት።

«ስለት ከመንገድ አይመለስም» አሉ እትዬ ዘነበች፤ ቀጥለው ግን ሻርፓቸውን አውልቀው ልጅቷ ላይ ደረቡ። ልጅቷ ቀድሞውንም በላብ ርሳለች።

ሰናይት ቅጠሉን ጥላ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ አብዲ ዞረች።

«ማሞቂያው ይሠራል አይደል?»

«ትናንት በዓይንሽ አየሽው አይደል?» አለ አብዲ። ድምፁ ግን የትናንቱ አልነበረም።

ድሬዳዋ፣ ምሽት

ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ነፋሱ ለስላሳ ነው። ባጃጆች በየማዕዘኑ ይጮኻሉ። ፈጢራ በማር በላን። ልጅቷ አንዴ አነጠሰች፤ አራታችንም ማኘክ አቆምን። ሁለተኛ እስክታነጥስ ጠበቅን። አላነጠሰችም። እትዬ ዘነበች «አሎር፣ በሉ ብሉ እንጂ!» ብለው ተቆጡን፤ እሳቸውም ግን እጃቸውን መልሰው ወደ ሳህኑ አልዘረጉም።

ከደንገጎ በላይ፣ ታኅሣሥ 19፣ ማለዳ

የደንገጎ ዳገት እንደ ተጣለ ገመድ ይጠማዘዛል። ሞተሩ እያቃሰተ ሲወጣ ከማሞቂያው ለብ ያለ አየር መጣ። «ይኸው!» አለ አብዲ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ዘርግተው ባረኩት። ድሬዳዋ ከኋላችን ጭጋግ ውስጥ ቀረች፤ ጆሮዬ ተደፈነ።

መገንጠያው ላይ ወደ ቁልቢ ታጠፍን። ዳገቱ ረገብ አለ። ላንጌን እንዳለፍን መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ ሰው እንደ እህል የጫነ አይሱዙ። ትንሽ እንሄዳለን፣ እንቆማለን። እግረኛው ነጠላውን ተከናንቦ በግራ በቀኝ ያልፈናል፤ ከአፉ ጭስ ይወጣል። ማሳው ነጭ ነው። መጀመሪያ አመድ መሰለኝ። ውርጭ ነው።

ከማሞቂያው የሚመጣውን አየር በመዳፌ ያዝኩት። ለብ ያለው አልፏል፤ የሽማግሌ ትንፋሽ ነው የቀረው፤ ቆይቶ እሱም በረደ። አብዲ ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዞረው። ነፋሱ ጨመረ፣ ሙቀቱ አልጨመረም። መስታወቱ ከውስጥ ላበ፤ አብዲ በእጅጌው እየጠረገ ይነዳል። ያለንን ልብስ ሁሉ ልጅቷ ላይ ከመርን፤ የእኔን ጃኬት፣ የእትዬ ዘነበችን ሻርፕ፣ የአብዲን ሽርጥ ጭምር።

ሰናይት የልጅቷን እግር ጉንጯ ላይ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች።

«እግሯ በረዶ ነው።»

ልጅቷ ሳለች። ደረቅ፣ አጭር ሳል። ከንፈሯን ሳየው ዳሩን ደም ሸሽቶታል። ከመኪናው ዘልዬ የጎናችንን ሚኒባስ በር መታሁ፤ በሩ ሲከፈት ውስጡ ጉልበት በጉልበት ላይ ነው። «ወንድሜ፣ ራሳችን እየተፈራረቅን ነው የምንቀመጠው!» አለኝ ረዳቱ። እንዳንመለስ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ላንጌ ደርሷል። ሰናይት አቅፋት በእግሯ ትሂድ እንዳንል ውጭው የባሰ ነው።

«ሞተሩ እኮ አልሞቀም» ስል አብዲ ጣቱን ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው የሙቀት መለኪያ ቀሰረ።

«መርፌዋን እያት! ሃያ ዓመት ስነዳ እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም። ማሻአላህ!»

ሰናይት ከኋላ አንገቷን አስግጋ መርፌዋን አየች። ከታች ነጩ መስመር ላይ ተጋድማለች።

«አብዲ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህ የምትኮራበት ነገር ነው ልጄን ያበረዳት። ሞተርህም በርዶታል። እኔ ልጄ ሲበርዳት ምን አደረግሁ? አለበስኳት። አንተም አልብሰው።»

«ራዲያተር ልሸፍን? እኔ?»

«ሸፍነው።»

«ሰናይት እህቴ፣ ሆልሆል በረሃ ላይ ሰው ጭኜ ሞተር አቃጥያለሁ። የቀረችው ውሃ ለራዲያተር ትሁን ለሰው ብለን ተናንቀናል። እዚህ ብትፈላብኝ ይህን ሁሉ ሕዝብ መንገድ ዘግቼ እቀራለሁ፣ እናንተም ከነአካቴው ትበርዳላችሁ። ወላሂ፣ በገዛ እጄ አላፍናትም።»

ሰናይት የልጅቷን እግር ከልብሱ ክምር ውስጥ አውጥታ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወደ ፊት አሳለፈች። አብዲ በሁለት ጣቱ ያዘው። ከዚያ እጁን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደደ።

የፀሐይ መከላከያዋን ይዞ ሲወርድ ተከተልኩት። ከራዲያተሩ ፍርግርግ ፊት ዘርግተን የምናስርበት ሲባጎ ስፈልግ፣ ያ የማያርፈው ፋን ራሱ ከውስጥ ስቦ ጥብቅ አድርጎ ያዛት። ብርማው ፊቷ ወደ ውጭ፣ ወደ ውርጩ ሜዳ ያበራል። አብዲ እጁን አፉ ላይ ጭኖ አያት።

ተመልሰን ገባን። አራታችንም መርፌዋን እናያለን። ተኝታለች። ተኝታለች። እንደ ሰነፍ ተማሪ ተነቃነቀች። ከነጩ መስመር ለቀቀች። ከማሞቂያው የአቧራ ሽታ መጣ፣ ከዚያ ለብታ፣ ከዚያ ሙቀት፤ እውነተኛ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ሙቀት።

«ተመስገን» አሉ እትዬ ዘነበች። «አባቴ ባቡሩ ደጋ ሲወጣ እሳቱ ዳር የሚቆም ይታደላል ይል ነበር፤ ዛሬ ገባኝ።»

አብዲ ግን አላመሰገነም። መርፌዋ ከመሀል ትንሽ አለፍ ስትል መሪውን ለእኔ ሰጥቶ ወረደና በእግሩ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመረ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ እነዳለሁ፤ እሱ በየጥቂቱ የመከላከያዋን ጥግ ገለጥ አድርጎ ያስተነፍሳታል፣ መልሶ ይሸፍናታል፤ በጣቱ «መርፌዋ?» ይለኛል፣ በጣቴ እመልስለታለሁ። በሸሚዝና በሱሪ ብቻ ነው፤ ሽርጡ ልጅቷ ላይ ነው።

አንዲት ዘንቢል የተሸከሙ እናት ቆመው አዩት።

«ልጄ፣ ይህ ምን ዓይነት ስለት ነው?»

«የራዲያተር ስለት ነው እማማ» አለ አብዲ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«ይድረስልህ!» አሉትና አለፉ።

ወደ ኋላ ዞርኩ። ሰናይት ልብሱን አንድ በአንድ እያነሣች ነው። የልጅቷ ከንፈር ቀልቷል። እግሯን አውጥታ ትራገጣለች።

ቁልቢ፣ ረፋድ

ሕዝቡ ኮረብታውን አልብሶታል። ጧፍ፣ ጥላ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ የሚያከራይ ጎረምሳ። ክርስትና የሚነሡት ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባና ደረት ላይ ተሰልፈዋል። ይህን ሁሉ ሙቀት የለመንነው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ልንነክራት መሆኑ ለእኔ የታየኝ ያኔ ነው። ሰናይት ግን ከጅቡቲ ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም ነበር። ተራዋ ሲቀርብ ወደ ቄሱ ጠጋ አለች።

«አባቴ፣ ደረቷን ታማ ነበር» አለች ለቄሱ።

ቄሱ ልጅቷን አዩዋት። «ፈጠን እናደርጋለን። ፎጣሽን ዘርግተሽ ጠብቂ።»

እትዬ ዘነበች አቀበሉ። ውሃው ነካት። ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ስትወለድ እንደ ነበረው፣ ምንም። ሰናይት ክንዴን ጨመቀችው።

ከዚያ ጮኸች። የድመት ግልገሉን አይደለም። ከሆዷ፣ ከእግር ጥፍሯ ያመጣችውን ጩኸት፤ ጎናችን ያሉት ሕፃናት ደንግጠው ዝም እስኪሉ። ወለተ ገብርኤል ተባለች፤ ስሙን ከጩኸቷ ሥር ነው የሰማነው። ሰናይት በፎጣ ጠቅልላ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ወደ መኪናው ሮጠች።

አብዲ ሞተሩን አላጠፋውም ነበር። በሩን ስንከፍት ሙቀቱ ፊታችንን መታን። መከላከያዋ ፍርግርጉ ላይ ናት፤ እሱ ደግሞ መሪው ላይ ተደፍቶ መርፌዋን ይጠብቃል።

«ምን ሆና ነው የምትጮኸው?» አለ ደንግጦ።

«ዝም በላት» አሉ እትዬ ዘነበች፣ «ትጩህ።»

ካርቲየ 2፣ ታኅሣሥ 20፣ ከቀትር በኋላ

አብዲ መከላከያዋን ደንገጎ ቁልቁለት ጫፍ ላይ ነቀላት፤ ቆላው ሲታየው አንድ ደቂቃ አልታገሠም። ድንበሩን አልፈን አሊ ሰቢህ ስንደርስ ሹራባችን ሁሉ ወንበሩ ሥር ነበር። በራችን ላይ ስንቆም ልጅቷ በቀጭን ቀሚስ ተኝታለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

አብዲ ከልማዱ ኮፈኑን ከፍቶ ውሃውን አየ፣ ዘጋ። መከላከያዋን የፊት መስታወቱ ላይ ዘረጋት። ብርማው ፊቷ ላይ የፍርግርጉ መስመሮች ተሰንብረው ቀርተዋል፤ ፋኑ የጎተታት መሀሏ ጎድጉዷል፤ ሁለት ቦታ ተቀድዳ ፀሐይ ታስገባለች።

ባገት ሻጩ፣ ሹራቡን እንደለበሰ፣ ጠጋ ብሎ አያት።

«አብዲ፣ ምን ነክሷት ነው?»

አብዲ ስንጥቋን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ብርድ» አለው።